የቤታችን ሁለት ቁልፎች

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም እንደ ወትሮው እያጉረመረመ ነው። ትናንት በስልክ «ትምህርት ቤት ገባች ወይ?» ስትዪኝ «ገብታለች» ብዬ ዘጋሁብሽ። ልጅሽ አጠገቤ ቆማ ስለነበር ነው እንጂ ወሬውስ ብዙ ነው።

እረፍቱ ሊያልቅ ሲል መምህሯ እኛን አሳዳጊዎችን ሰብስባ፣ «ልጆቹን ከአሁኑ በጊዜ አስተኟቸው፣ በጠዋት ቀስቅሷቸው፣ መንገዱንም አለማምዷቸው» አለችን። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ለነዳ ሰው መንገድ ማለማመድ ይነገረዋል? በማግስቱ ልጅሽን ረዳት አድርጌ ቀጠርኳት። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ባዶ ቦርሳዋን አዝላ «ሳበው!» ስትለኝ ከደጃችን እንነሳለን። ትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ትልና የበሩን ብረት በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች። ከዚያ ዞረን ወደ ቤት። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብን። እሷ ግን ሳትቀሰቀስ መነሳት ጀመረች፤ እኔም ጎበዝ አያት ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

የመክፈቻው ዕለት ደረስን። «ወራጅ አለ!» አለች። በሩን መታ መታ አደረገች። ከዚያ ዞር ብላ «ሳበው!» አለችኝና የቤቱን መንገድ ተያያዘችው!

ጉድ በይ! ለካ ሳለማምዳት የከረምኩት መመለሱን ኖሯል። መምህሯ በሳቅ ፈረሰች፣ እኔም ሳቅሁ። እጇን ይዤ ወደ ግቢው ሳዞራት ግን እግሬ ላይ ጥምጥም አለች።

«ምን ሆንሽ የኔ እመቤት?»

«ገብቼ ስወጣ ብትጠፋስ?»

«የት እጠፋለሁ?»

«እማዬ ጠፍታ የለ?»

ልጄ፣ ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። ያን ቀን እሷ ክፍል ውስጥ እያለች ለሥራ ወደ ሰው ሀገር የሄድሽው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለቅሶዋን ብትሰሚ እግርሽ አይነሳም ነበር። ሻንጣሽን የተሸከምኩልሽስ እኔ አይደለሁም? እሷ ግን ትምህርት ቤት ከገባች ከቤት አንድ ሰው የሚጎድል መስሏታል።

ኪሴን ስዳብስ የቤቱ ቁልፍ እጄ ገባ፤ ከነማሰሪያው አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት።

«በይ ያዢው። ቤቱን ቆልፌ ነው የመጣሁት። ያለ አንቺ መግባት አልችልም፤ ታዲያ የት እሄዳለሁ?»

እኔን አየችኝ፣ ቁልፉን አየች። «ምሳህስ?»

«ውስጥ ነው።»

«መነጽርህስ?»

«እሱም ውስጥ ነው።»

አሰብ አደረገችና ገባች።

ቃል ቃል ነውና ደጃችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው «አንተ ሽማግሌ፣ ቅያሪ ቁልፍ አታስቀርጽም?» እያለ ሲያላግጥብኝ ዋለ፤ ዳቦውን ግን አካፈለኝ። መውጫ ሰዓት ሲደርስ ሄጄ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ስታየኝ አልሮጠችም፤ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ከሩቅ አሳየችኝ። ቤት ስንደርስም በእግሯ ጣቶች ቆማ ራሷ ከፈተች።

«አባባ፣ ሌላ ቁልፍ የለንም?»

«አንድ አለ። እናትሽ ጋ ነው።»

«ይዛው ነው የሄደችው?»

«አዎ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።»

ቁልፉን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከዚያ «እንግዲያማ ትመጣለች» አለችና ጫማዋን ልታወልቅ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አላየችኝም።

ከዚያ ወዲህ ቁልፉን አንገቷ ላይ አድርጋ እያፏጨች ነው የምትሄደው። ይህንንም የምጽፍልሽ ደረጃው ላይ ሆኜ ነው፤ መነጽሬንና ምሳዬን ይዤ መውጣት ተምሬአለሁ።

ቁልፍሽን አደራ፣ እንዳትጥዪው። መጥተሽ ተመልሰሽ የምትሄጂበት ቀን ሲመጣም ዓይኗን እያየሽ ተሰናበቻት፤ ብታለቅስ እኔ አለሁ። ስትመጪ ደግሞ አታንኳኪ። በራስሽ ቁልፍ ክፈቺው፣ እሷ ከውስጥ ትስማው።

ደጅ የሚውለው አባትሽ