የዋስ ያለህ!

ጥቅምት 6

ዛሬም አቃቂ በምሸጥበት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ ፍሪጁን ከፈተች፣ ዘጋች፣ አንኳኳች... "ዋስትናው ስንት ዓመት ነው?" ሁለት ስላት "ባሌም እንዲህ ዋስትና በኖረው!" ብላ ሳቀች። ሳትገዛ ሄደች።

ከሰዓት ቂሊንጦ ካለው ልብስ ፋብሪካ ተደወለልኝ። የጥራት ቁጥጥር ፈተናውን አልፌያለሁ! "ዋስ ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ጨርቅ ላይ ያለ እንከን ለማየት ዋስ ምን ያደርጋል? ጣቃውን ተሸክሜ እንዳልጠፋ ነው? ደግነቱ ዳሲቱ አለችልኝ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ነገሩን ሳልጨርስላት "ጀዋሂር፣ እኔ አለሁልሽ" አለች።

ጥቅምት 9

ሱፍያን ሰው ገጨ።

ሚኒባሱን ይዞ ሲከንፍ፣ መንገድ የሚሻገሩ አንድ አባት... እግራቸው ተሰብሯል። ሕይወታቸው ተርፏል፣ አልሀምዱሊላህ። ታናሽ ወንድሜ አሁን ጣቢያ ነው። እማ እህል አልቀምስም ብላለች። ቀስ ብለህ ንዳ ብዬ ስንቴ ለመንኩት? "እሺ፣ እሺ።" እሺ ማለት ብቻ!

ጥቅምት 10

የመኪናው ባለቤት "አትጨነቂ፣ ሙሉ ዋስትና አለው" ሲለኝ ሱፍያንን የሚያስፈታልኝ መስሎኝ መረቅሁት። ለካ ኢንሹራንሱን ነው! የመኪናውን! "ወንድሜስ?" ስለው "እሱ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው" አለ። ምርቃቴን ይመልስልኝ።

ጥቅምት 12

ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቀደ። እሰይ ብዬ ልወጣ ስል "የሰው ዋስ ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያለው" አሉኝ። የነዋሪነት ማስረጃም አምጪ ተባልኩ። ወረዳ ሄድኩ። "ለዋስትና ነበር..." ስለው ጥበቃው "ሦስተኛ ፎቅ" አለኝ። ወጣሁ። ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ የቤተሰባችሁን ብዛት ንገሪኝ አለች። የምግብ ዋስትና! "ወንድሜ ታስሮ ነው እኮ" ስላት "ታዲያ እሱን አትቁጠሪው" አለችኝ። አንድ ቃል ለስንት ነገር ነው የሚሆነው? ሌላ ቃል አጥተው ነው?

ጥቅምት 13

አጎቴ ሙሀመድሁሴን ነጋዴ ነው፤ ከማን ደብዳቤ ያምጣ? የሱፍያን ጓደኞች ሁሉም ሹፌር ናቸው። ቋሚ ሠራተኛ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው... ዳሲቱ። ትምህርት ቤቷ ደግሞ የዋስትና ደብዳቤ የሚጽፈው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ወይ ለእኔ፣ ወይ ለሱ።

ሄጄ ጠየቅኋት።

"እኔ ቃል የገባሁት ላንቺ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሥራሽስ?"

"ይቅር።"

"ሱፍያን እኮ ነው፣ ጀዋሂር። ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እንደማይጠፋ ምን ዋስትና አለሽ?"

እሷም ዋስትና አለች! ወላሂ ምንም የለኝም። "ወንድሜ ነው" አልኩ። ይሄም መልስ ሆኖ... ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በንዴት ነው።

ጥቅምት 16

ዳሲቱ በጠዋት መጣች። ደብዳቤውን ይዛለች። "ለሱ ብዬ አይደለም" አለች።

ከሰዓት ተፈታ። ለፋብሪካው ደውዬ ዋስ የለኝም አልኳቸው። "እንግዲያው ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን" አሉ።

ሱፍያን ሻይ ጠጣና ተኛ። ሥራው እንደቀረብኝ አያውቅም። ልንገረው? ምን ይጠቅማል? እየተናደድኩ ብርድ ልብስ ደረብኩለት።

ኅዳር 3

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ቀን። ስነሳ አልጋው ባዶ ነው። ስልኩ ዝግ። መስጊድ ሄድኩ፣ የለም። ዳሲቱ ለባብሳ ደረጃው ላይ እየጠበቀችን ነበር። ፊቴን አይታ ገባት። ታክሲ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ በልቤ እሱን ስረግም፣ ደግሞ አላህ አፉ በለኝ ስል...

ደረስን። የፍርድ ቤቱ በር ገና አልተከፈተም። ሱፍያን አጥሩን ተደግፎ ቁጭ ብሏል!

"ታክሲ ባጣ እንዳልዘገይ ብዬ በእግሬ መጣሁ። ባትሪ ዘጋብኝ።"

ከቤታችን፣ ከኮዬ ፈጬ በእግሩ! ልመታው እጄን ሳነሳ ዳሲቱ ቀደመችኝ። በቦርሳዋ ትከሻውን አለችው፤ ከዚያ አቅፋው አለቀሰች።

ኅዳር 9

ፋብሪካው መልሶ ደወለ። የቀጠሯት ልጅ ሥራውን ትታላቸው ሄዳለች። "አሁንስ ዋስ አለሽ?"

ስልኩን ስዘጋ ሱፍያን አጠገቤ ቆሟል። "የምን ዋስ?" አለኝ። ነገርኩት፤ ሁሉንም። ፊቱ ደም መሰለ። ከዚያ ቀስ ብሎ "እኔ ልሁንሽ?" አለ። በዋስ የወጣ ሰው! እማ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ማምሻውን ተመለሰ። ትንቢት የምትባል፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ የጓደኛው እህት፣ እሺ ብላለች። ሰኞ ደብዳቤዋን ታመጣለች።

ስንት ሰው ለመንክ ብለው "ተይው" አለኝ። ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ ተልጧል። ውሃ አሙቄ አቀረብኩለት።