ወይዘሪት ኔስታ ፕሮበርት ያልተሳፈሩባቸው ሃያ ጉዞዎች

“ኔስታ ባሕር ትፈራለች።”

ይህን ያልተናገረ የአበርሌን ሰው ካለ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው። በሥጋ ቤቱ ሰልፍ ላይ ተብሏል፤ በመዘምራን ልምምድ ላይ ተብሏል፤ ትናንትም ለቅሶ ቤት ሻይ እየተቀዳ ተብሏል። ይህ የተባለባቸው ሴት ግን በየበጋው፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላም ጭምር፣ ጠዋት ጠዋት ከወደቡ ግንብ ሥር ገብተው እስከ ቀይዋ ተንሳፋፊ ምልክት ዋኝተው ሲመለሱ ከተማው በሙሉ በመስኮቱ ያያቸው ነበር። “እሱማ ዳር ዳሩን ነው፤ የምትፈራው ጥልቁን ነው” ይባልና ወሬው ይቀጥላል። ስለዚህ የሕይወት ታሪካቸውን እንደ ወሬው ሳይሆን እንደ ሆነው ከመጀመሪያው እናነባለን።

ወይዘሪት ኔስታ ፕሮበርት ከአባታቸው ከአቶ ግዊሊም ፕሮበርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦልዌን ሪስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1941 በዌልስ፣ በአበርሌን ከተማ፣ በወደብ ጎዳና ቁጥር 11 ተወለዱ። አባታቸው ጀልባ ጠጋኝ ነበሩ። ለሁለት ልጆቻቸው ከጫማ በፊት ዋና ያስተማሩ ሰው ናቸው።

ትምህርታቸውን በከተማው ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ተከታትለዋል። ከዚያ በላይ የመማር አቅም ቢኖራቸውም ቤቱ ደመወዝ ይፈልግ ነበርና በ1956 በፖስታ ቤቱ ተቀጠሩ። በዚያው መስኮት ለአርባ አምስት ዓመት አገልግለው በ2001 ጡረታ ወጡ። ፈረንሳይኛን ያስተማራቸው የለም። ከሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ለብቻቸው ተማሩት። “ለማን ልታወሪው ነው?” እያሉ የሳቁባቸው ሰዎች ኋላ በፈረንሳይኛ ሰላምታ እንዲጽፉላቸው ተሰልፈው ለምነዋቸዋል።

ትዳር አልያዙም፤ ልጅም አልወለዱም። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ይህ ዓረፍተ ነገር ቶሎ ተነብቦ ይታለፋል። እዚህ ግን ትንሽ ቆም ይባልበታል።

በ1974 ከተማችን አበርሌን ከባሕሩ ማዶ በፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ከምትገኘው ከሎክማዴን ጋር የእህትማማችነት ስምምነት ፈረመች። የሁለቱ ከተሞች ስም ያለበት ሰሌዳ በከተማው መግቢያ ተተከለ፤ ኮሚቴም ተቋቋመ። የዕቃ መሸጫ ሱቅ ያላቸው አቶ ኢድዋል ፒው ሊቀ መንበር ሆኑ። ጸሐፊነቱ ለወይዘሪት ኔስታ ተሰጠ፤ የሚመጣውን ደብዳቤ ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረምና። በዚህ ኃላፊነት ያለ አንዳች ክፍያ አርባ አንድ ዓመት ሠሩ።

በሜይ 1975 የሎክማዴን ሰዎች የመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ። እንግዶቹ በየቤቱ ሲደለደሉ ለፕሮበርት ቤት የደረሰው ዳቦ ጋጋሪው ሙሴ (“አቶ” እንደ ማለት ነው) ኮራንታን ለ ሜቬል ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ያላገቡ፣ ዝምተኛ። በነጋታው ንጋት ላይ ቤተሰቡ የነቃው በዳቦ ሽታ ነው። እንግዳው እንደ ልማዳቸው ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ቢያስጨንቃቸው፣ በሰው ቤት ዱቄት ሊጥ አቡክተው ጋግረው ጨርሰዋል። ወይዘሮ ኦልዌን በሌሊት ልብሳቸው ወጥ ቤት በር ላይ ቆመው “ኔስታ፣ ይሄ ሰውዬ እንግዳ ነው ወይስ ቅጥረኛ?” አሉ። ከዚያ ሙሴ ኮራንታን በራሳቸው በብሬቶን ቋንቋ እንቁላሎቹን መቁጠር ጀመሩ። ቁጥሩ ከኛው ከዌልሽ ቁጥር ጋር ወንድምና እህት ነው። ወይዘሮ ኦልዌን አራት ላይ ተቀበሏቸው፤ አብረው አሥር ደረሱ፤ ሳቁም።

አራት ቀን ነበር የቆዩት። በመጨረሻው ቀን አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ ሙሴ ኮራንታን ለወይዘሪት ኔስታ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “በሚመጣው ዓመት ተራው የናንተ ነው። ምድጃዬን ታዪዋለሽ።” እርሳቸውም “አያለሁ” አሉ። ይህን የምናውቀው ከአውቶቡሱ ደረጃ አጠገብ ቆሞ ሻንጣ ይጭን ከነበረው ከወንድማቸው ከአቶ ኤምሪስ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ተጀመረ። ይህ ጉባኤ እንደሚያውቀው ኮሚቴው ደንብ ነበረው። ከሎክማዴን የሚመጣ ደብዳቤ በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ በአባላት ፊት ይከፈታል፤ ጮክ ተብሎም ይነበባል። በዚያም ወገን ደንቡ ያው ነበር። የሎክማዴን ኮሚቴ ጸሐፊ ደግሞ ሙሴ ኮራንታን ነበሩ። ሰኞ የደረሰውን ፖስታ፣ ጽሑፉን ከሩቅ የሚለዩትን፣ ወይዘሪት ኔስታ ከፖስታ ቤቱ ሚዛን ሥር ያስቀምጡና እስከ ሐሙስ ሳይከፍቱ ይጠብቁት ነበር። ሐሙስ ደግሞ በስምንት ሰው ፊት ከፍተው ያነባሉ፦ የተጓዦች ብዛት፣ የባንዱ ሰዓት፣ ዝናቡ፣ “ከታላቅ አክብሮት ጋር”። ከስምንቱ አንዱ ሁልጊዜ “ይሄ ሰውዬ ከዝናብ ሌላ ወሬ የለውም እንዴ?” ይላል። እርሳቸውም አጣጥፈው መዝገብ ውስጥ ያስገቡታል። መልሱንም እንደዚያው ይጽፋሉ፤ እዚያም ስምንት ሰው እንደሚሰማው ያውቃሉና።

በ1976 ጉዞው ሊደረግ አራት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ኦልዌን ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ። ወይዘሪት ኔስታ የታሰረ ሻንጣቸውን ፈትተው አቶ ኢድዋልን “እናቴ መታመሟን ለኮራንታን ንገርልኝ” አሏቸው። አውቶቡሱ ሲመለስ ጠየቁ።

“ነገርከው?”

“ነገርኩት።”

“ምን አለ?”

“ምን ይላል? ራሱን ነቀነቀ።”

ወይዘሮ ኦልዌንን በአልጋ ላይ አሥራ አምስት ዓመት አገላብጠው አስታመሟቸው። በእነዚያ ዓመታት አውቶቡሱ በየሁለት ዓመቱ ይሄዳል፤ በተመለሰ ቁጥር በጸሎት ቤቱ ጓዳ ሻይ አፍልተው የሚቀበሉት ወይዘሪት ኔስታ ነበሩ። የማይጠይቁት የለም። የዳቦ ቤቱ በር ምን ቀለም ነው? ከአደባባዩ ወደ ውኃ ጉድጓዱ ሲኬድ ስንት ደረጃ አለ? ከሰዎቹ አፍ ለቅመው የሎክማዴንን ካርታ ሣሉና ከጓዳው በር ጀርባ ለጠፉት። አንድ ጊዜ አንጥረኛው ጆብ ከመድኃኒት ቤቱ በስተቀኝ ማደሩን ሲያወራ “በስተግራ ነው፤ በስተቀኝ ያለው የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው” አሉት። ጆብም “እውነቷን ነው። የሄድኩት እኔ፣ የምታውቀው እሷ” አለ። ስለ ሰውየው ግን አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት ስለ ዳቦው ነበር። “ዳቦው እንዴት ነበር?” ይላሉ፤ “ጥሩ ነበር” ይባላሉ፤ ኩባያ ማጠባቸውን ይቀጥላሉ።

ሙሴ ኮራንታንም ዳግመኛ አልመጡም። በ1975 መጸው አባታቸው በመሞታቸው የከተማዋ ብቸኛ ጋጋሪ ሆነው ቀርተዋል፤ ምድጃ ደግሞ ለአራት ቀን ተዘግቶ የሚኬድበት ነገር አይደለም። በስተርጅና ምድጃው ለዘለቄታው በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ለመንገድ የሚሆን ጉልበት አልነበራቸውም።

እናታቸው በ1991 ዐረፉ። በተከታዩ ዓመት ወይዘሪት ኔስታ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ስም በተጓዦች ዝርዝር ላይ ጻፉ። ሰማያዊ ካፖርት ገዙ። በጉዞው ጠዋት በገበያው አደባባይ፣ አውቶቡሱ በር ላይ፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ አቶ ኢድዋልን ጠየቁ፦ “ኢድዋል፣ እዚያ እኔን የጠየቀ ሰው አለ?”

አቶ ኢድዋልም በተሰበሰበው ሰው ፊት “ሁላችንንም ይጠይቁናል፣ ኔስታ። የኔን ሆድ እንኳ ሳይቀር ይጠይቃሉ” ብለው አሳቁ።

ያን ጊዜ የገበሬው የዳይ ሚስት ሜገን እየሮጠች መጣች። መሄድ አለመሄዷን እስከዚያ ሰዓት አልወሰነችም ነበር፤ ወንበር አልቋል። በሎክማዴን ግን ቀድሞ ያስተናገዷት ቤተሰቦች እንደሚጠብቋት ታውቃለች። ወይዘሪት ኔስታም “ሰው የሚጠብቃት ትሂድ” ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ስንቃቸውንም ጨመሩላት፤ “የዶሮ ነው፤ ከመርከቡ በፊት ብዪው” አሏት። ሰማያዊውን ካፖርት ለብሰው ወደ ፖስታ ቤቱ ሄደው መስኮቱን ከፈቱ።

ከዚያ በኋላ ስማቸውን በዝርዝር ላይ ጽፈው አያውቁም። ሥራቸውን ግን አልተዉም። ጎረምሶችን ፈረንሳይኛ አስተማሩ፤ የሁለቱን ከተሞች መዘምራን አገናኙ፤ የሎክማዴን አሳ አጥማጆች ጀልባ በጠፋ ጊዜ ከኛ የሄደውን የማጽናኛ ቃል ጻፉ። ከአበርሌን ልጆች ስድስቱ እዚያ ትዳር ይዘው ቀርተዋል። የስድስቱንም የጋብቻ ወረቀት የተረጎሙት እርሳቸው ናቸው።

ተጓዥ እየቀነሰ ሄዶ የመጨረሻው ጉዞ በ2014 ተደረገ። በ2015 ክረምት የሙሴ ኮራንታን ዕረፍት ተሰማ። ወይዘሪት ኔስታ የኮሚቴውን የሐዘን ደብዳቤ በአባላት ፊት አነበቡ። በዚያው ሐሙስ ጸሐፊነቱን ለቀቁ።

ልባቸው መድከም የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ሐኪም ዋና ሲከለክላቸው ወንበራቸውን ወደ ወደቡ መስኮት አስጠግተው ወደ ደቡብ ማየት ጀመሩ። “ምን ታያለሽ?” ሲባሉ “ምንም፤ ማዶ ነው” ይሉ ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን 2022 በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ በተወለዱበት ቤት፣ በዚያው ወንበር ላይ ዐረፉ።

ከኋላቸው ወንድማቸውን አቶ ኤምሪስ ፕሮበርትን፣ የወንድማቸውን ልጅ አቶ ሂዌልን፣ እንዲሁም የአቶ ሂዌልን ልጆች ማሊንና ተዉዶርን ትተዋል። ከሎክማዴን ድረስ መጥተው በፊተኛው ወንበር የተቀመጡት ወይዘሮ ሶዋዚግ የሙሴ ኮራንታን የእህት ልጅ ናቸው። ከቤተሰቡ ጋር ይቆጠራሉ።

አሁን በሳጥናቸው ላይ አበባውን ደግፎ የቆመው ሳንቃ ወይዘሮ ሶዋዚግ ያመጡት ነው። ስለ እርሱ የሚነበበውን አቶ ኢድዋል እንዲነበብ ፈቅደዋል፤ ለዚህም ይመሰገናሉ።

በሎክማዴን ልማድ እንግዳ ማን ቤት እንደሚያድር አስቀድሞ አይነገረውም። አስተናጋጆቹ የእንግዳቸውን ስም በሰሌዳ ጽፈው አደባባዩ ላይ ይቆማሉ፤ ተሳፋሪው ሲወርድ ስሙን ፈልጎ ይሄዳል። በ1976 ሙሴ ኮራንታን ከዳቦ መደርደሪያቸው አንድ ሳንቃ ነቅለው “ኔስታ” ብለው ጽፈውበት ቆሙ። ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ አቶ ኢድዋል ፊት መጡ። አቶ ኢድዋል ባለፈው ማክሰኞ በወደብ ጎዳናው የፕሮበርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የተናገሩት እንዲህ ነው፦ “‘እናቷ ሽባ ሆነች’ የሚለው ፈረንሳይኛ አልመጣልኝም። ባንዱ ይጮኻል፤ ሰውየው ሳንቃውን ይዞ ያየኛል። በማውቃት ፈረንሳይኛ ተናገርኩ። ‘ባሕር ትፈራለች’ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።” በ1992ም ይህንኑ ደገሙት፤ “ከአውቶቡሱ በር ተመለሰች” ብለው። በዚያ ቀን ሙሴ ኮራንታን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ ቤቱን ዘግተው፣ በሩን አዲስ ቀለም ቀብተው ነበር የቆሙት። በሎክማዴን ሰው ሲስቅባቸው “ፍርሃቷ የለቀቃት ዕለት መጥታ የሚቀበላት ብታጣስ?” ይሉ እንደነበር ወይዘሮ ሶዋዚግ ነግረውናል።

ሳንቃውን ያላየ ተጓዥ የለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት ቢያንስ አርባዎቻችሁ አይታችኋል። ለምን አልነገራችኋትም ተብላችሁ ስትጠየቁ ግማሻችሁ “የምታውቅ መስሎን”፣ ግማሻችሁ “ኢድዋል የነገራት መስሎን” ብላችኋል። በክፋት የደበቃት ሰው አንድም የለም። ይህ ለእናንተ መጽናኛ ይሁናችሁ።

ባሕሩን የዘረጋ አምላክ ነፍሳቸውን ማዶ በሰላም ያድርስ። በዚያኛው ዳርቻ ሲወርዱ ስማቸው ተጽፎ ይጠብቃቸው።

በሳንቃው ጀርባ ሙሴ ኮራንታን የቆሙባቸው ዓመታት በእርሳስ ተጽፈዋል፤ ሃያ ናቸው። የመጨረሻው 2014 ነው። የዚያን ዓመት የተሳፋሪዎች ዝርዝር በወይዘሪት ኔስታ እጅ የተጻፈ ነው፤ አውቶቡሱ የሄደው አሥራ አንድ ወንበር ባዶ ይዞ ነበር።