የጣልሽው ክኒን

ውድ እትዬ ዓለምጸሐይ፣

ትናንት ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፤ ዋሽቼሻለሁ። ላቡና ሙቀቱ እኔንም እንደጀመረኝ ስነግርሽ፣ «ክኒን እንዳትውጪ ታዲያ! ካንሰር ያመጣል ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?» አልሽኝ። ክኒኑ ያን ጊዜ መዳፌ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። እነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ ሐይቁን አየት አድርጌ መልሼ እዘጋለሁ።

የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ ያረጥሽ ሰሞን፣ ሐኪም መርምሮ ያዘዘልሽን የሆርሞን ክኒን ይዘሽ ወደ እኔ መጣሽ። እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ሆርሞን የማውቀው ከሰው የሰማሁትን ብቻ ነበር። ነጭ ጋውን ስለለበስኩ ግን አመንሽኝ። «ጣይው!» አልኩሽ። ጣልሽው።

ከዚያማ እንቅልፍ አጣሽ። እያስተማርሽ ላብ ሲያጠምቅሽ ተማሪዎችሽ ሳቁብሽ። የምትወጂውን ሥራ ትተሽ ካምባ ከተማ ልጅሽ ዘንድ ገባሽ። እኔ ደግሞ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» እያልኩ አጽናናሽ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ኢየሩስ ዘንድ ሄድኩ። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ያላግባብ የሚፈስ ደም ይኖርብኝ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ መረመረችኝም።

«ለሁሉም ሴት አይሆንም» አለችኝ። «ጉዳት የለውም አልልዎትም። በእርስዎ ዕድሜና ጤና ግን ጥቅሙ ያመዝናል። እየተከታተልን እንሄዳለን።»

«እህቴስ? ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ላቡ ዛሬም አልተዋትም።»

«በዚህ ዕድሜ እንደ አዲስ መጀመሩ አይመከርም፤ ለልብና ለአንጎል ያሰጋል። ለላቡ ግን ሆርሞን ያልሆነ መድኃኒት አለ። ያምጧት።»

አየሽ፣ እትዬ? ያን ጊዜ ይሆንሽ የነበረው አሁን አይሆንሽም። ጊዜውን ያሳለፍኩብሽ እኔ ነኝ። አላውቅም፣ ሐኪምሽን ጠይቂ ማለት አቅቶኝ!

ክኒኑን ዛሬ ጠዋት ዋጥኩት።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ካምባ እመጣለሁ፤ ይዤሽ እመለስና ሰኞ ዶክተር ኢየሩስ ዘንድ አብረን እንገባለን። ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ በሹፌር እጅ የላክሁት ፊትሽን እያየሁ መጀመር ስላቃተኝ ነው። የፈለግሽውን ስደቢኝ። «ተይው፣ አለፈ» ብቻ እንዳትዪኝ።

የበደለችሽ ታናሽሽ፣
ማህደር
ከአርባ ምንጭ