ቀለም የተቀባው ሰንሰለት

ሰኞ፣ ነሐሴ 28

ሰንሰለቱንም ቀቡት! አጥር ቀቡ፣ በር ቀቡ፣ ዝም አልኩ። የፎርክሊፍት፣ የጭነት ማንሻ ማሽን፣ ሰንሰለት በቀይ ቀለም የሚቀባ ሰው ግን ምን ይባላል? ሰንሰለት የሚፈልገው ግራሶ ነው። ቀለሙ መገጣጠሚያው ውስጥ ደርቆ አላላውስ ብሎታል። «ለአብዮቱ በዓል ያምራል» አሉ። የማሽኑ ሾፌር መኩሪያ፣ የአፍንጮ በር አብሮ አደጌ፣ «አንተም ቆመህ ካገኙህ ይቀቡሃል» አለኝ። ሳቅን። ከቀለሙ ሥር ያለው ነገር ግን አሳስቦኛል። ነገ አጥበዋለሁ፤ የመጋዘኑ መካኒክ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 29

በነጭ ጋዝና በብሩሽ ስፈትገው ዋልኩ። የፈራሁት አልቀረም። ቀለሙ ሲለቅ፣ ከሰንሰለቱ ስስ ብረቶች ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ናት፤ ጭነት ሲነሳ ግን ትከፈታለች። ሥራ መሪው ዘንድ ሄድኩ። «ጓድ፣ አዲስ ሰንሰለት ሳይመጣ ይህ ማሽን ጭነት አያነሳም» አልኩት። የውጭ ምንዛሪ የለም፣ ዱቄቱም ከበዓሉ በፊት ከመጋዘን መውጣት አለበት አለኝ።

ወጥቼ ሰንሰለቱን ፈታሁት። ሰው ከሚሞት ዱቄቱ ይቆይ። ስንጥቁን ለመኩሪያ አሳየሁት። በጣቱ ዳሰሳትና «እግዜር ይስጥህ» አለኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 30

በስብሰባ ላይ «አሻጥረኛ» ተባልኩ። ሥራ መሪው ስሜን ጠርቶ! ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። መኩሪያ ብቻ ተነስቶ «ስንጥቁን እኔም አይቼዋለሁ» አለ። ቁጭ በል ተባለ።

ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንወርድ «ማሽኑ ቢነሳ እኮ አሻጥር የሚሉት ነገር ይቀራል» አለኝ። «ተው መኩሪያ!» አልኩት። ቤት ስገባ ሚስቴ ዘነበች፣ ቢወስዱኝ ብላ፣ ጋቢዬንና ሹራቤን አጣጥፋ አስቀምጣለች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷታል። ፈርቻለሁ።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 2

ትናንት ጠዋት ከቤቴ ደጃፍ ወስደው ቀበሌ አሰሩኝ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ጥበቃው «ማሽኑ ከትናንት ጀምሮ ይሠራል ተብሏል፣ ውጣ» አለኝ። ማን አሰረው ያንን ሰንሰለት? እስከ መጋዘኑ ሮጥኩ።

ዘገየሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ መኩሪያ በገዛ እጁ መልሶ አሰረው። ተሸካሚዎቹን ከማሽኑ አርቆ፣ ጆንያ ማስተካከል ሲያስፈልግ ራሱ እየወረደ ይሠራ ነበር አሉ። ዛሬ ጠዋት እንደወረደ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ጭነቱ እግሩ ላይ ወደቀ። ደሙ ከዱቄቱ ጋር ተለውሶ አየሁት። ወይኔ መኩሪያ!

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ እየወረደ ነው። ፒያሳ ላይ ልጆች እየጮኹ ይጠመቁበታል። እኔም በስብሼ መኩሪያ የተኛበት ሆስፒታል ደረስኩ። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆርጠውታል።

ዓይኑን ሲገልጥ «ፈቱህ?» አለኝ።

«ፈቱኝ።»

«እሰይ፣ ተመስገን።»

ንዴቴ መጣ። «ስንጥቁን አላሳየሁህም?» ብዬ ጮኽኩበት፣ በሽተኛ ላይ።

«አሳይተኸኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ሐሙስ ምሳ ይዤልህ ቀበሌ ሄጄ ነበር። እዚህ የለም አሉኝ።»

እዚህ የለም። በዚህ ከተማ እንዲህ ተብሎለት በሕይወት የተመለሰ ሰው ስንት ነው? ነገ ደግሞ ስለ እኔ «ሞቷል» እንዳይሉት ፈርቶ ነው መኩሪያ ሰንሰለቱን ያሰረው። እጁን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ያባብለኛል፤ «ሰው አየህ፣ ዝም በል» ይለኛል።

ትኩሳቱ አልወረደም። ሐኪሙ «እስከ ነገ እንየው» ብሏል። እዚሁ አግዳሚው ላይ ነኝ።