ቀኝ እጄ እና የብስክሌቴ መሪ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ጠዋት
የመሪውን አሮጌ ጨርቅ ፈትቼ ጨረስኩ። ብረቱ ራቁቱን ቀረ። ክረምት ላይ ማሽን የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች ከወሰደብኝ ወዲህ ብስክሌቷን ስነካት ዛሬ ገና ነው። እሑድ ከሰበታ ተፍኪ ደርሶ መልስ እሽቅድምድም አለ። ድሮ ቀርቼበት አላውቅም። ባለቤቴ ዘነበች አትሂድ አላለችም፤ ሂድም አላለች።
አዲሱ ጨርቅ እንዴት ይጠቅለል? ከመሃል ወደ ጫፍ ከሆነ ያምራል። ከጫፍ ወደ መሃል ከሆነ መዳፍ ሲገፋው አይፈታም። ግራ ገባኝ፣ ደብተሬ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7፣ ከሥራ በኋላ
ከመሃል ጀመርኩ። ግራና ቀኙ እኩል፣ ስስ፣ ልክ እንደ ድሮው። ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ቀኝ እጄ አልጨብጥ አለ፤ ጨርቁም ተንሸራቶ ተፈታ። ቦይ ውስጥ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ። እየገፋኋት ተመለስኩ። በቃ፣ እሸጣታለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8
አልሸጣትም።
ዘነበች ጉልበቴን ስታጥብ ድንገት ክንዷን ዘረጋችልኝ፣ ያዘኝ ብላ። አንጓዋን ያዝኩ፤ በቀላሉ አመለጠችኝ። ከፍ አድርጌ ክንዷን ያዝኩ። ታገለች፤ አልለቀቅኳትም! ወፍራም ነገር እጄ ይይዛል ማለት ነው።
የመሪው ቀኝ በኩል ብቻ ከወፈረ ሰው ያያል አልኳት።
«ይየዋ! ቦይ ውስጥ ሲያዩህ ይሻላል?»
ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10
በቀኝ በኩል መጀመሪያ የብርድ ልብስ ቁራጭ፣ ከላዩ ጨርቁ። ከጫፍ ወደ መሃል፣ ጥብቅ አድርጌ። መጨረሻው በሚጣበቀው የኤሌክትሪክ ናስትሮ ታሰረ። አያምርም። ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩ፤ እጄ አልከዳኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 11፣ ከሰዓት
መነሻው ላይ ሁሉም መሪዬን አየ። አስጀማሪው ሽማግሌ ኦቦ ቶላ ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ኪሴ የደበቅሁትን እጄን አውጥቼ አሳየኋቸው። አዩት፣ ጨበጡት። «ጀባዹ! በርታ ልጄ!» አሉኝ።
ተፍኪ ስደርስ ከኋለኞቹ ነበርኩ። መልስ ላይ ነፋሱ ሲበረታ ሌሎቹ ደከሙ፤ እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ያረፈ እግር ነበረኝ። አንድ በአንድ አለፍኳቸው። ሦስተኛ ወጣሁ!
ኦቦ ቶላ በኅዳር ሱሉልታ ላይ የዳገት ውድድር እንዳለ ነገሩኝ። እዚያው ቆሜ ስሜን አስመዘገብኩ። ለዘነበች ገና አልነገርኳትም። መጣች፣ ልንገ—