ከውጭ ያለ መስኮት

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2005

መስኮቱ ከውጭ አለ፤ ከውስጥ የለም። ዛሬ ቢሮ፣ የኦቦ ፈይሳን ቤት ኮምፒውተሩ ላይ እያዞርኩ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ነው ያየሁት። ድፍን ግድግዳ።

የጉደሩ መምህር ኦቦ ፈይሳ የአባታቸውን የጭቃ ቤት ሳያፈርሱ ዙሪያውን ብሎኬት ማልበስ ነው የፈለጉት፤ እዚህ አገር ብዙ ሰው እንደሚያደርገው። እኔ ሁለቱን ግድግዳዎች አጠጋግቼ ሳልኩና መስኮቱን አዲሱ ላይ አስቀመጥኩ። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚበሳው መስኮቱ የተቀመጠበትን ግድግዳ ብቻ ነው። ጭቃውን አልነካውም። ፕላኑ ላይም የጭቃው መስመር ሳይቋረጥ ያልፋል።

ወረቀቱ ታትሞ ከሄደ ሳምንት አለፈው። ኦቦ ፈይሳ አደራ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናታቸውን መስኮት። አዴ ጫልቱ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። መኪና የሚቆምበትን መንገድና አላፊ አግዳሚውን የሚያዩት በዚያ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

የሞከርኩት፦
መስኮቱን በውፍረቱ መለጠጥ። አልሆነም።
ጭቃው ላይ ሌላ መስኮት መደረብ። ሁለት ፍሬም ተነባብሮ አስቀያሚ ሆነ።
መብራት ሄደ። ሴቭ ያላደረግኩት ሁሉ ጠፋ።

መብራቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ለካ ሁለቱን ግድግዳዎች አጣምር የሚል ትእዛዝ አለ። ነካሁት፤ ቀዳዳው ሁለቱንም አልፎ ወጣ። ለሁለት ክሊክ ነው እንዲህ የምንገበገበው። ትንሽ ደስ ካለኝ በኋላ የተስተካከለው ኮምፒውተሩ እንጂ ጉደር እንዳልሆነ ትዝ አለኝ።

ኦቦ ፈይሳ ለሥልጠና ሸነን ከተማ ሄደዋል፤ ስልካቸው አይሠራም። ለአለቃዬ ለኢንጂነሩ አልነገርኩም። ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

የግንበኛውን ስልክ ከፋይሉ አገኘሁ። ጋሽ ደቻሳ ይባላሉ። የእናትየውን መስኮት ምን እንዳደረጉት ብጠይቃቸው፣ ሰኞ ደፍነነዋል አሉኝ ረጋ ብለው። ወረቀቱ ላይ የለማ። አንድ ጊዜ ከወረቀት ውጭ በመሥራታቸው የቤቱ ባለቤት ሙሉ ግንብ አስፈርሷቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ መስመር አይዘሉም። የማላክክበት ሰው ፈልጌ ነበር። አጣሁ።

ለኢንጂነሩ ነገርኩት። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ነገ ራስሽ ሂጂ፤ ይሄ በስልክ አይታረምም" ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። እንጀራዬ ያበቃለት ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ጥር 16

በጠዋቱ ሚኒባስ ጉደር ገባሁ። አዲሱ ብሎኬት ላይ የመስኮቱ ቦታ ክፍት ነው፤ ከኋላው እርጥብ ጭቃ። ክፍሉ ጨለማ። አዴ ጫልቱ ፊታቸውን ወደ ተደፈነው አዙረው ተኝተዋል። "አካም ጅርቱ" ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው በኦሮምኛ፣ ዓይናቸውን ሳላይ። ሲደፈን ለምን ዝም እንዳሉም ጠየቅኳቸው።

"የተማረ ሰው የሳለው ነው አሉኝ። ልጄ 'አይተሽ ጨርሰሻል' ማለቱ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

አለቀስኩ። በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ጋሽ ደቻሳ ጭቃውን በእጃቸው መናድ ጀመሩ፤ እኔም አብሬ ናድኩ። ብርሃን ገባ። ተመስገን ልል ስል አዴ ጫልቱ አጠገባቸው ጋደም እንድል ጠሩኝ። ጋደም አልኩ። የሚታየው ሰማይና የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። መንገድ የለም። አዲሱን መስኮት እንደልማዴ ከወለል ዘጠና ሳንቲ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። የድሮው ሃምሳ ነው። አልለካሁትም ነበር።

ሁለት ረድፍ ብሎኬት ይወርዳል አሉ ጋሽ ደቻሳ። ግን መጀመሪያ ወረቀት ይምጣ።

ዓርብ፣ ጥር 17

አስተካክዬ አተምኩ። ኢንጂነሩ ሃምሳውን አይቶ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። ከአልጋው ላይ አልኩት። ፈረመ። ሰኞ እንነጋገራለን አለ፤ ምን እንደምንነጋገር አላውቅም። ወረቀቱን ራሴ ጉደር አድርሼ ተመለስኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ደቻሳ ደወሉና ስልኩን ለአዴ ጫልቱ ሰጧቸው። አላመሰገኑኝም፤ ስለ መስኮቱም አላነሡም።

"ፈይሳ ከሸነን መጣ" አሉኝ። "ከመኪናው ሲወርድ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።"