ወለሉን ወልውሎ ስላልመጣው ቡድን

ለተከበሩ የብሔራዊ ቡድን ዝግጅት የግብዣ ቅርጫት ኳስ ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቤይሩት

ክቡር ሆይ፣

ቡድናችንን ለጨዋታ ጠርታችሁ ወለል አስወለወላችሁት፤ ካስወለወላችሁት በኋላ ደግሞ «የኢትዮጵያውያኑ ቡድን ሳይቀርብ ቀረ» ብላችሁ በፎርፌ ሃያ ለዜሮ ረታችሁት። በደሉ ይኸው ነው። አሁን ወደ ሰላምታዬ እመለሳለሁ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ቤተሰብዎ ደኅና ናቸው? ፈጣሪ የሚቀመጡበትን ወንበር ያጽናልዎ፤ ከእሱ ላይ ሲነሡ አይቼ ስለማላውቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምጸልየው ለእሱ ነው።

ይህንኑ ጉዳይ በዐረብኛ ጽፌ ለጽሕፈት ቤትዎ ሰጥቼ ነበር፤ መልስ ግን አላገኘሁም። አሁን በአማርኛ የምጽፈው፣ ላለማንበብዎ የተከበረ ምክንያት ላበጅልዎ ብዬ ነው። የአገሬ ልጆች ያነቡታል።

ራህመቶ እባላለሁ፤ በዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር የሕንፃ ዘበኛ፣ እዚህ እንደሚባለው ናጡር ነኝ። ቅርጫት ኳስን የተማርኩት ከሕንፃችን ፊት ለፊት ባለው ትምህርት ቤት አጥር በኩል ነው፤ አጥር ዲፕሎማ ስለማይሰጥ አሠልጣኝ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም። ቢሆንም በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ናባዓ ሰፈር ውስጥ ባለ ባዶ ቦታ ላይ አሠለጥናቸዋለሁ። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችሁ እንዲሟሟቅባቸው የጋበዛችኋቸው እነዚህኑ ነበር። ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ኮሚቴ ቁጥር ይወዳልና።

፩. ምካሌስ ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው የጨዋታ አዳራሽ ስንደርስ በር ጠባቂያችሁ «ሐጅ፣ ሾፌር ውጭ ነው የሚጠብቀው» ብሎኝ የመጣንበት ሚኒባስ አጠገብ አቆመኝ። በሕይወቴ መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ያለ ፈተና መንጃ ፈቃድ ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

፪. ልጆቹን ደግሞ ያላ፣ ያላ እያለ፣ እያጣደፈ በኋላ በር አስገብቶ፣ ጣሪያው አፍስሶ ኖሮ፣ መወልወያና ባልዲ አስጨበጣቸው። ከካፖርታቸው ሥር መለያቸውን ለብሰዋል። ካፖርታችሁን ክፈቱ ያላቸው ግን የለም፤ ፊታቸው በቂ መታወቂያ ሆኖ ተገኝቷል። ለምን እንቢ አላሉም ይሉኝ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ መወልወያ ሲሰጣት መጀመሪያ ወልውላ ኋላ የምትጠይቅ ሴት እንዴት እንደምትገኝ ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ሳሎን ያውቃል። ደግሞም ረጅሟ ተጫዋቻችን ሥርጉት፣ እርጥብ ወለል ቁርጭምጭሚት ይሰብራል፣ የእነሱም እግር እግር ነው ብላ ጥጋጥጉን ሳይቀር አደረቀችው። ቀልደኛዋ ሚሚ በበኩሏ፣ እንግዳ አክባሪ አገር ማለት ይኸ ነው፣ የእጅ ውኃ እንኳ በባልዲ ነው የሚያቀርበው እያለች ስታስቃቸው ነበር አሉ።

፫. ባልዲውን መልሰው፣ ካፖርታቸውን አውልቀው ብቅ ሲሉ፣ ቡድናቸው በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ፣ ተጠብቆ፣ ተሰርዞ አገኙት። እግሩን ከፍ አድርጎ ከወንበሩ ሥር ያስወለወላቸው ዳኛ፣ ለወደፊቱ ሰዓት አክብሩ ብሎ መክሯቸዋል። ምክሩን በአክብሮት ተቀብለናል።

፬. ከላይ ያለውን ሁሉ እውጠው ነበር፤ ይኸኛው ግን አልወርድ አለኝ። ሥርጉት የምትሠራው እኔ በምጠብቀው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማዳሟ እሁድን የፈቀደችላት በስንት ልመና ነበር። ማዳም በስልኳ የኮሚቴውን ገጽ ከፍታ «ሳይቀርብ ቀረ» የሚለውን አነበበችና የት እንደዋለች ጠየቀቻት። ልጅቷም ሜዳ ስወለውል አለች። ማዳም ሳቀች፤ በዕረፍት ቀኗ የሰው ወለል ልትወለውል የምትወጣ፣ ያኒ፣ በየት አገር ታይታለች? አለች። ኸላስ፣ አለቀ፤ እሁድ ተዘጋ። አሁን ጓደኞቿ ወደ ናባዓ ሲሄዱ እሷ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ታራግፋለች። እኔም ቀና ብዬ እንዳላያት ጠርጌ የጨረስኩትን ደረጃ እንደገና እጠርጋለሁ።

የለመንኩት ዋንጫ አይደለም፤ ጨዋታው ይደገምም አላልኩም። በዚያው ገጽ ላይ «ቡድኑ መጥቶ ነበር» የሚል አንድ መስመር፣ ማዳም እንድታነበው ብቻ። ጸሐፊዎ በሄድኩ ቁጥር በፈገግታ ቡክራ ትለኛለች፤ ነገ ማለት ነው። ብሔራዊ ቡድናችሁ ኳስን እሷ ነገን በምትገፋበት ጥበብ ቢገፋ ኖሮ እኛን መጋበዝም ባላስፈለገው።

ለወንበርዎ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለበር ጠባቂዎ ዓይን እየጸለይኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሳይቀርብ የቀረው ቡድን አሠልጣኝ፣ በእናንተ ሹመት ሾፌር፣
ራህመቶ
ከዓይን ኤል ረማነህ

በኋላ የታከለ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለሚቀጥለው ዙር የላኩልን ግብዣ ደረሰኝ። ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀድመን በኋላ በር እንድንገባ ይላል። ጣሪያው ዛሬም ያፈስሳል ማለት ነው? ቡድናችን ያለ ሥርጉት አይመጣም፤ ሥርጉትም ያለዚያች መስመር አትወጣም። መስመሯን ለመጻፍ ደግሞ የእኔ አፍ አያስፈልግዎትም። እኔ ይህን ነገር ከዛሬ ወዲያ አላነሣውም፤ ይቅርታ ሊጠይቁኝ ደጄ ድረስ ቢመጡ እንኳ ስለ ምን እንደሚናገሩ አላውቅም እልዎታለሁ።